ከደሴ ወደ ሐይቅና አርዲቦ በብስክሌት፦ መንገዱ፣ ፍሬኑ፣ ጎማውና መመለሻው

ዘቢዳ_ደሴ
መስከረም 20፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጥቅምት አጋማሽ ላይ ከደሴ ተነስተን ሐይቅ ከተማና ከአጠገቧ ያለው ሐይቅ፣ ከዚያም አርዲቦ የሚባለው ሌላው ሐይቅ ደርሰን ለመመለስ አስበናል። ያለን ሦስት ቀን ነው። ሦስት ነን፤ እኔ፣ እህቴና የአክስታችን ልጅ። የኔ ብስክሌት ባለ 26 ጎማ ማውንቴን ሲሆን ከፊት ሦስት፣ ከኋላ ሰባት ማርሽ አለው፤ ፍሬኑ ቸርኬው ላይ የሚይዘው ዓይነት ነው። የእህቴም እንደዚያው ነው፣ የሷ ግን ዲስክ ፍሬን አለው። የአክስታችን ልጅ ያለው የእሽቅድምድም ብስክሌት ነው፤ ጎማው ላይ 700 በ25 ይላል።

ደሴና ሐይቅ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ቀላል መስሎኛል። መንገዱ ለቀጭን ጎማ ይሆናል? ሐይቁን ዙሪያውን መዞር ይቻላል? ምን መለዋወጫ እንያዝ? እኛ ሴቶቹስ እስጢፋኖስ ገዳም መግባት እንችላለን? የምታውቁትን ሳታሳጥሩ ንገሩን።

ሐረጎ
መስከረም 20፣ ከምሽቱ 3፡05

እህቴ ዘቢዳ፣ ኪሎ ሜትሩን ተይውና ከፍታውን ያዢ። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ የሐይቁ ውሃ ደግሞ 1,900 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። ስትሄዱ 600 ሜትር ያህል ትወርዳላችሁ፣ ስትመለሱ ያንኑ ትወጣላችሁ። መሄጃውም ቢሆን ከመጀመሪያው ቁልቁለት አይደለም። ከከተማው ወደ ቦሩ ሜዳ በኩል ስትወጡ ዳገት አለ፣ ዋናው መውረድ ከዚያ በኋላ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጉዳይ ፍሬን ነው። ሰው፣ ብስክሌትና ጓዝ ተደምሮ 90 ኪሎ ቢሆን፣ 600 ሜትር ሲወረድ የሚለቀቀው ጉልበት አንድ ሊትር ተኩል የቧንቧ ውሃ አፍልቶ ይተርፈዋል። ከፊሉን ንፋስ ይወስደዋል፤ የቀረውን የሚሸከመው ፍሬኑ ነው። እንዳንቺ ቸርኬ ላይ የሚይዝ ፍሬን ከሆነ ሙቀቱ በቸርኬው በኩል ከመነዳሪው ድረስ ይዘልቃል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ጎማ በድንገት የሚፈነዳው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው፤ ሰዉ ግን በእሾህ ያሳብባል። ፍሬኑን ሳትለቂ ለስለስ አድርጎ ይዞ መውረድ ከሁሉም የከፋ ነው። ጠበቅ አድርጎ ይዞ ፍጥነቱን መስበር፣ መልቀቅ፣ ንፋስ እንዲያገኘው ማድረግ፣ እንደገና መያዝ ነው የሚሻለው። ፍጥነት የሚቀነሰው ከኩርባው በፊት እንጂ ኩርባው ውስጥ አይደለም። የፊቱ ፍሬን ከኋላው የበለጠ ያቆማል፤ ጠጠር ወይም አሸዋ ላይ ግን የፊቱን ማጥበቅ ይጥላል።

የእህትሽ ዲስክ ሙቀቱን ወደ ጎማው አያደርስም። የሱ ጠላት ዘይት ነው። ሰንሰለቱን ስትቀቡ አንዲት ጠብታ ዲስኩ ላይ ካረፈች የፍሬን ሸራው ይጠጣትና መያዝ ይተዋል፤ ከዚያ ወዲያ ቢያጥቡትም እንደ ድሮው አይሆንም፣ መቀየር ነው።

ዘቢዳ_ደሴ
መስከረም 20፣ ከምሽቱ 3፡20

ፍሬኑ ማለቅ አለማለቁን ቤት ውስጥ በምን ልይ?

ሐረጎ
መስከረም 20፣ ከምሽቱ 3፡41

ያንቺ የፍሬን ጎማ ፊቱ ላይ የተቆረጡ ቦዮች አሉት። ቦዮቹ ጠፍተው ፊቱ ልሙጥ ከሆነ አልቋል። ቦዩ ውስጥ የሚያብለጨልጭ ነገር ካየሽ ከቸርኬው የተላጠ ብረት ተሰክቶበታል፤ በቢላ ጫፍ አውጪው፣ አለዚያ ቸርኬውን ያርሰዋል። ከዚያ ፍሬኑን ይዘሽ ከጎን ተመልከቺ፦ ጎማው ሙሉ በሙሉ ብረቱ ላይ ማረፍ አለበት። ጫፉ ወደ ላይ ሄዶ የውጭ ጎማውን የሚነካ ከሆነ ቁልቁለቱ ላይ የጎማውን ጉንጭ ይቆርጠዋል።

የእህትሽ ሸራ ከ1 ሚሊ ሜትር ከሳሳ ይቀየር። ሁለታችሁም ሽቦውን ፈትሹ። እጀታው ሥር፣ ሽቦው ጭንቅላቱ ያለበት ቦታ ላይ አንድ ክር እንኳ ተበጥሶ ከታየ ሽቦው እንዳለ ይቀየራል። ሁልጊዜ የሚበጠሰው እዚያ ላይ ነው፣ የሚበጠሰውም አጥብቀው ሲይዙ ነው።

ጥርስ_ቆጣሪ
መስከረም 21፣ ከጠዋቱ 1፡15

ስለ መውረዱ ሐረጎ ጨርሶታል፤ እኔ ስለ መውጣቱ ልበል። ዘቢዳ፣ ከፊት ያለውን የትንሹን ማርሽ ጥርስና ከኋላ ያለውን የትልቁን ማርሽ ጥርስ ቁጠሪ። ባለ ሰባት ማርሽ ብስክሌት ብዙውን ጊዜ ከኋላ ትልቁ 28 ነው። ከፊት 24 ከሆነ፣ ፔዳሉን አንድ ዙር ስታዞሪ ብስክሌቱ 1 ሜትር ከ77 ሳንቲም ያህል ይሄዳል። በደቂቃ 60 ጊዜ ብታዞሪ በሰዓት 6.4 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው፤ ጓዝ ጭኖ ዳገት ላይ ይህን ለሰዓታት ማዝለቅ ከባድ ነው። የኋላውን ባለ 34 ጥርስ ብታስቀይሪው አንዱ ዙር ወደ 1 ሜትር ከ46 ይወርድልሻል፣ በዚያው አዟዟር 5.3 ኪሎ ሜትር በሰዓት ማለት ነው። ልዩነቱ በወረቀት ትንሽ ነው፤ ጉልበት ላይ ግን ያርፋል።

ከማስቀየርሽ በፊት ሁለት ነገር እዪ። አንደኛ፣ የኋላ ማርሽ መቀየሪያው ረጅም እጅ ያለው ካልሆነ 34ን አይሸከምም፤ ሰንሰለቱ ይወጠርና መቀየሪያውን ይሰብረዋል። ሁለተኛ፣ ያረጀ ሰንሰለት አዲስ ማርሽ ላይ ይዘላል። መለኪያው ማስመሪያ ነው፦ ከአንድ ፒን መሀል ጀምረሽ 24 ፒን ስትቆጥሪ አዲስ ሰንሰለት 30.5 ሳንቲ ሜትር ላይ ያርፋል። 30.7 ከደረሰ ሰንሰለቱም አብሮ ይቀየር።

የእሽቅድምድሙ ብስክሌት ነገር ግን ያሳስበኛል። ከፊት ትንሹ 34፣ ከኋላ ትልቁ 28 ቢሆን እንኳ አንዱ ዙር 2 ሜትር ከ55 ነው። በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር በሚያስኬድ ዳገት ላይ በደቂቃ 33 ጊዜ ብቻ እያዞረ በጉልበቱ ሊገፋ ነው። ጓዙ ከሱ ላይ ወርዶ ለሁለታችሁ ይከፋፈል።

ከሚሴ_በር
መስከረም 21፣ ከጠዋቱ 2፡30

25 ሚሊ ሜትር ጎማ አስፋልት ላይ ችግር የለውም፤ ሰው እያጋነነ ነው። ዋናው ጎዳና ላይ እስከሆነ ድረስ በደንብ ነፍቶ መሄድ ነው።

ጥርስ_ቆጣሪ
መስከረም 21፣ ከጠዋቱ 2፡52

ወንድሜ፣ ሐይቅ ከተማ ድረስ ባልከው እስማማለሁ። ከ90 እስከ 100 ፒኤስአይ ነፍቶ፣ ጉድጓድ ሲያይ ከመቀመጫው ከፍ ብሎ ያልፋል። ግን እነዚህ ሰዎች ወደ ሐይቁ ዳርና ወደ አርዲቦ ሊሄዱ ነው። ኮረቱ ላይ ቀጭን ጎማ ድንጋይ ሲመታ ከመነዳሪው በቸርኬውና በድንጋዩ መሀል ይቆነጠጣል፤ ሁለት ጎን ለጎን የሆኑ ቀዳዶች ያወጣል፣ እባብ የነከሰው ይመስላል። እንዳይቆነጠጥ ብሎ ከ100 በላይ ቢነፋው ደግሞ ጠጠር ላይ ይንሸራተታል። የሚሻለው ከተቻለ ማውንቴን መዋስ ነው። ካልተቻለ ደግሞ በሁለተኛው ቀን የእሽቅድምድሙን ብስክሌት ያደሩበት ቤት ትቶ በእግር ወይም በባጃጅ መከተል ነው።

ለማውንቴኖቹ፦ አስፋልት ላይ ከ45 እስከ 50፣ ኮረት ላይ ከ30 እስከ 35 ፒኤስአይ። ሐይቅ ከተማ ስትደርሱ አስተንፍሱት፣ ስትመለሱ ንፉት።

የጎማ_ሰፈር_ኮምቦልቻ
መስከረም 21፣ ከቀኑ 6፡20

ስለ ጎማ የተባለው ላይ ከሥራው በኩል የማውቀውን ልጨምር።

እያንዳንዱ ሰው ሁለት ከመነዳሪ ይያዝ። ሲገዛ ቫልቩ ይታይ። እንደ መኪናው ወፍራም ከሆነ ማንኛውም ጎሚስታ ዘንድ ይነፋል። የእሽቅድምድሙ ቀጭን ቫልቭ ከሆነ የጎሚስታው ቱቦ አይገጥመውም፤ ከቀጭን ወደ ወፍራም የምትቀይረዋን ትንሽ የነሐስ ቆብ ከአዲስ አበባም ቢሆን አስልካችሁ ያዙ። ክብደቷ ከአንድ የብር ሳንቲም አይበልጥም፣ ከሌለች ግን ቀኑን ሙሉ በእጅ መንፊያ መታገል ነው።

ጎሚስታ ዘንድ ስትነፉ አፉን አስጠብቃችሁ አትቁሙ። ያ ማሽን የአይሱዙ ጎማ ሊሞላ የተሠራ ነው፤ የብስክሌት ከመነዳሪን በሁለት ሦስት ሰከንድ ያፈነዳዋል። ቺስ አድርጎ ማንሳት፣ በአውራ ጣት መጫን፣ እንደገና ቺስ። ትኩስ ልጥፍም እንዳያደርግላችሁ ንገሩት። ለመኪና ከመነዳሪ ጥሩ ነው፤ የናንተ ግን ስስ ስለሆነ ብረቱ ያቀልጠዋል።

አሁን የቀዝቃዛው ልጥፍ ነገር። ብዙ ሰው ልጥፍ ያዘልኝ ብሎ ከሁለት ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና የሚቆመው በሁለት ምክንያት ነው። አንዱ እሾሁን ጎማው ውስጥ ትቶት ነው። ከመነዳሪውን ካወጣችሁ በኋላ የውጭ ጎማውን ውስጡን በጨርቅ ዙሩት፤ ጨርቁ የያዘበት ቦታ እሾህ አለ። በባዶ ጣት አትዳስሱ፣ ሽቦ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ችኮላ ነው። ቀዳዳውን በብርጭቆ ወረቀት ከልጥፉ ሰፋ አድርጋችሁ እሹት፣ የሚያብረቀርቀው ሁሉ ደብዛዛ እስኪሆን ድረስ። ማስቲሹን ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ከዚያ አምስት ደቂቃ ጠብቁ። በጣት ጫፍ ዳር ዳሩን ስትነኩት የማያጣብቅ ሲሆን ነው ልጥፉ የሚቀመጠው። እርጥብ ማስቲሽ ላይ የተለጠፈ ልጥፍ ሙቀት ሲያገኘው ይንሸራተታል፤ በዚያ ቁልቁለት ደግሞ ሙቀት አያጣም። ከተለጠፈ በኋላ በመፍቻ እጀታ አጥብቃችሁ ደምድሙት።

የውጭ ጎማው ራሱ ከተቀደደ ከውስጥ በኩል ከአሮጌ ጎማ ጉንጭ የተቆረጠ ቁራጭ አስገቡበት። እሱ ከሌለ የላስቲክ ጠርሙስ ወፈር ያለውን ክፍል ቁረጡ፤ ጫፎቹን አክቡ፣ አለዚያ ራሱ ከመነዳሪውን ይቀድዳል።

በዚህ ወቅት በብዛት የሚያስቸግረው ቁርንጭት ነው። ብስክሌት መንገድ ዳር ሲያስደግፉ ጎማው ላይ ይሰካል። ከአስፋልቱ ስትወርዱ ብስክሌቱን ሣር ላይ አትንዱ፣ ተሸክማችሁ አስቀምጡት።

የሐይቅ_ዳር
መስከረም 21፣ ከምሽቱ 1፡40

እንኳን ወደ ሀገራችን በደህና መጣችሁ ለማለት ያብቃን። የሐይቁን ነገር ለኔ ተዉት።

ከተማው ዋናው ጎዳና ላይ ነው፤ ውሃው ከከተማው በስተምሥራቅ ነው፣ በኮረትና በአፈር መንገድ ትወርዳላችሁ። ሐይቁ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው፣ ጥልቀቱ ደግሞ ከ80 ሜትር ያልፋል። ፍጹም ክብ ቢሆን እንኳ ዳርቻው 17 ኪሎ ሜትር ነበር፤ ወጣ ገባው ሲጨመር ከዚያ ይበልጣል። ዙሪያውን በብስክሌት ለመዞር ብላችሁ ግን አትነሱ። አንድ ወጥ መንገድ ሆኖ አይዞርም። የእግር መንገድ፣ የእርሻ ድንበር፣ ደንገልና ፊላ የበቀለበት ረግረግ ይቀላቀልበታል፤ ብስክሌቱ እናንተን ሳይሆን እናንተ ብስክሌቱን የምትሸከሙበት ቦታ ይበዛል። ደስ የሚለው እስከ ገዳሙ አፋፍ ያለውን ዳር ይዞ ሄዶ በዚያው መመለስ ነው። ጠዋት ከ12 ተኩል እስከ 3 ሰዓት ውሃው እንደ መስታወት ነው። ከሰዓት በኋላ ከውሃው ወደ የብስ የሚነፍሰው ንፋስ ይነሳል፤ ስለዚህ የንፋሱን አቅጣጫ አስባችሁ መመለሻውን ከንፋስ ጋር አድርጉት።

በጥቅምት ማሽላው ቆሞ ነው የምታገኙት። ጠባቂው ማማ ላይ ወጥቶ ወፍ በወንጭፍ ያባርራል፤ ድንጋዩ የሚያርፈው መንገድ ማዶ ሊሆን ይችላል። ማሽላ መሀል ስትገቡ ከሩቅ ድምፅ አሰሙ፣ ሰላምታ ስጡ፣ እስኪያያችሁ ጠብቁ። የጤፍ ማሳ ላይ ጎማ አታሳርፉ፤ ድንበሩ ጠባብ ከሆነ ወርዶ መግፋት ነው።

ሐይቅ እስጢፋኖስ ዱሮ ደሴት የነበረ፣ ዛሬ በአንድ በኩል ከየብስ ጋር የተያያዘ ምላስ መሬት ላይ ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ትምህርት ቤት አቋቁመው ስንቱን ሊቅ ያፈሩበት ነው። የወንዶች ገዳም ስለሆነ ሴት ወደ ውስጥ አትገባም። ዘቢዳ፣ አንቺና እህትሽ እስከ በሩ ትደርሳላችሁ፤ የአክስታችሁ ልጅ ገብቶ ይሳለማል፣ የገዳሙን ቅርስም ያያል። ከገዳሙ አጠገብ የሴቶች መነኮሳት ቦታ አለ፣ እዚያ መግባት ትችላላችሁ። ነጠላ ያዙ። አጭር ቁምጣና ጥብቅ የብስክሌት ልብስ ከላዩ ሰፊ ሱሪ ይለበስበት፤ ይህ ለገዳሙ ብቻ አይደለም፣ ለመንደሩም ነው፣ በመስጊዱ ደጃፍም ታልፋላችሁ። ጉዞውን ወደ ኅዳር ካዘገያችሁት ኅዳር 26 የአባ ኢየሱስ ሞዐ በዓል ነው፤ ምእመን ከየአቅጣጫው ስለሚመጣ አልጋም መንገድም ይጨናነቃል።

ማደሪያ፦ ከተማው ውስጥ አልጋ ቤት አለ፣ ሐይቁ ዳርም ማረፊያ አለ። ብስክሌቱ ክፍል ውስጥ እንዲገባ ከመክፈላችሁ በፊት ተስማሙ። ራት ዓሣ ነው፤ ቆሮሶ ጥብስ ከዳጣ ጋር።

ዘቢዳ_ደሴ
መስከረም 21፣ ከምሽቱ 2፡00

እግዜር ይስጥልን፣ ልብ የሚያሞቅ መልስ ነው። አርዲቦስ? በአርዲቦ በኩል አቋርጦ ኮምቦልቻ መውጣት ይቻላል የሚል ሰው አለ።

የሐይቅ_ዳር
መስከረም 21፣ ከምሽቱ 2፡25

አርዲቦ ከሐይቅ በደቡብ ምሥራቅ፣ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ነው፤ ርቀቱ ግን ወፍ ስትበር ነው። በመንገድ ሲሆን ይረዝማል። ከፍታውም ከሐይቅ 200 ሜትር ገደማ ይበልጣል፤ የአርዲቦ ትርፍ ውሃ ወደ ሐይቅ የሚወርደው ለዚህ ነው። ስለዚህ ዳገቱ አጭርና ቀጥ ያለ ነው፣ መሬቱ ድንጋይና አፈር ነው። ከባድ ጓዛችሁን ያደራችሁበት ትታችሁ፣ ውሃ፣ ምግብና መጠገኛ ብቻ ይዛችሁ ጠዋት 1 ሰዓት ተነሱ። በትንሹ ማርሽ ተቀምጦ መውጣት ነው፤ ተነስታችሁ ብትገፉ የኋላ ጎማው ጠጠሩ ላይ ይሽከረከራል። ዝናብ ጥሎ ካደረ ግን አትሂዱ። ያ ጥቁር አፈር ሲርስ በጎማውና በሹካው መሀል ይሞላል፣ ጎማው መዞር ያቆማል፣ በእንጨት እየፋቁ መሄድ ነው የሚሆነው። አንድ ቀን ፀሐይ ከመታው ይጠነክራል።

ወደ ኮምቦልቻ አቋርጦ መውጣቱ ለእግረኛና ለበቅሎ ነው። በሦስት ቀን፣ ለዚያውም አንዱ ቀጭን ጎማ ይዞ፣ አይሞከር። በመጣችሁበት ተመለሱ።

ነርስ_ተሁለደሬ
መስከረም 22፣ ከጠዋቱ 3፡10

ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ፣ ግን የሚያምረው ውሃ እንዳያታልላችሁ። በዚህ አካባቢ ቢልሃርዝያ አለ። ትሉ የሚገባው በመጠጣት ብቻ አይደለም፣ በቆዳ ነው፤ ጥልቀት በሌለው ሣራማ ዳር እግር ነክሮ መቆየት ይበቃዋል። ብስክሌት ለማጠብም ቢሆን ወደ ውሃው አትግቡ። ሳያስቡት የረጠበ እግር ወዲያው በፎጣ ይደርቅ።

ለመጠጥ የታሸገ ውሃ ካለቀ የተቀዳው ይፈላ። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው ከ100 ዲግሪ በታች ስለሆነ ከተንተከተከ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። ውሃ አጋር ካላችሁ ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ጨምራችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ፤ ድፍርስ ከሆነ መጀመሪያ በንጹሕ ነጠላ ይጠለል።

ጥቅምትና ኅዳር የወባ ወቅት ነው። ደሴ ቅዝቃዜዋ ይጠብቃታል፣ ሐይቅ ግን ዝቅ ያለ ነው። አጎበር ጠይቁ፣ ከ12 ሰዓት በኋላ እጅጌ ረጅም ልበሱ። ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት ከመጣ ጉንፋን ነው ብላችሁ አትተኙበት፣ ተመርመሩ።

ዳገት ላይ በሰዓት ከግማሽ እስከ ሦስት ሩብ ሊትር ጠጡ። አንድ ሰው ለመመለሻው ሦስት ሊትር ይያዝ። ብዙ ላብ በባዶ ውሃ ብቻ ሲተካ ራስ ምታትና የጡንቻ መኮማተር ሊመጣ ይችላል፤ ለምለም (ተቅማጥ ለያዘው የሚሰጠው በውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት) አንድ ከረጢት በአንድ ሊትር፣ ከሌለ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ሊትር። በሶ በጨው በጥብጦ በጠርሙስ መያዝም ከየትኛውም የታሸገ ነገር አያንስም። ቆሎ ቁልቁለት ላይ በአፍ ይዛችሁ አትውረዱ፣ ያንቃል።

የውርጌሳ_መንገድ
መስከረም 22፣ ከቀኑ 5፡00

መንገዱን በተመለከተ። ይህ ከደሴ በውጫሌና በመርሳ አድርጎ ወልዲያ የሚሄደው ዋና ጎዳና ነው፤ ሲኖትራክ፣ አይሱዙ፣ ቅጥቅጥ፣ ባጃጅ ሁሉም አለበት። ጠዋት 12 ተኩል ላይ ውጡ፤ ከከተማው ግርግር በፊት ታልፋላችሁ። በሰልፍ ሂዱ፣ በመሀላችሁ አሥር ሜትር ይኑር፣ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ሠላሳ። ኩርባ ላይ ከባድ መኪና ከኋላ ከሰማችሁ ዳር ይዛችሁ ቁሙ። መኪናው ካለፈ በኋላ ወዲያው አትግቡ፤ ተጎታች አለው፣ ወይም ሌላ ይከተለዋል። ጉም በጠዋት ይወርዳል፤ ከኋላ ቀይ መብራት ቀንም ቢሆን ይብራ። የጨለማ ጉዞ ግን አይታሰብ።

ውሻ ሲመጣ ወርዳችሁ ብስክሌቱን በመሀል አድርጉ። ሩጫ ያባብሰዋል፣ ቆሞ ለባለቤቱ መጥራት ያበርደዋል።

ጸጥታውን በተመለከተ፣ ከመነሳታችሁ ከዋዜማው ጀምሮ ሐይቅ ያለ ሰው ደውላችሁ ጠይቁ፣ ጠዋትም ድገሙት። ሾፌሮች ከሁሉም ቀድመው ያውቃሉ፤ መናኸሪያ ሄዳችሁ ዛሬ መኪና ወጥቷል ወይ በሉ። ካልወጣ እናንተም አትውጡ። መታወቂያ በኪስ፣ ኬላ አካባቢ ስልክ አውጥቶ ፎቶ የለም። ከመንገድ ወጣ ስትሉ መሬት ላይ ያለ ያልታወቀ ብረት አትንኩ።

ከሚሴ_በር
መስከረም 22፣ ከቀኑ 7፡15

የቀጭን ጎማውን ነገር ተቀብያለሁ፣ ጥርስ_ቆጣሪ ልክ ነው። አንድ የምጨምረው፦ የኋላ ማርሽ መቀየሪያው ድንጋይ መትቶት ቢሰበር ጉዞው አያልቅም። ሰንሰለት መፍቻና ሁለት ፈጣን ማያያዣ ያዙ። ሰንሰለቱን ፈታችሁ መቀየሪያውን ዝለሉት፤ ከፊት ትንሹን፣ ከኋላ መካከለኛውን ማርሽ አገናኙና ሰንሰለቱን በልኩ አሳጥራችሁ ግጠሙት። ሁለቱ ማርሾች ቀጥታ መስመር ላይ ካልሆኑ ሰንሰለቱ ራሱ ወደ ትልቁ ይወጣና ይወጠራል፤ ያን ጊዜ አንድ ማርሽ ወደ ጎን አዛውሩት። የቸርኬ ሽቦ ከተበጠሰም የተበጠሰውን ከጎረቤቱ ሽቦ ጋር ጠምዝዙት፣ ቸርኬው ፍሬን የሚነካ ከሆነ ፍሬኑን አላሉት። የላላ ፍሬን ይዞ ግን ቁልቁለት አይወረድም፣ በእግር ነው።

መናኸሪያ_01
መስከረም 22፣ ከምሽቱ 1፡30

መመለሻውን በመኪና ማድረግ ነውር የለውም። በተለይ ለቀጭን ጎማው እመክራለሁ። በቅጥቅጥ ጣሪያ ሲጫን እንዲህ ይደረግ፦ የብስክሌቱን ዋጋ ከረዳቱ ጋር ከመጫኑ በፊት ተነጋገሩ። ፔዳሎቹን ፍቱ፣ 15 ቁጥር መፍቻ ነው። የቀኙ እንደ ማንኛውም ብሎን ወደ ግራ ይፈታል። የግራው ግን ተገላቢጦሽ ነው፣ ወደ ቀኝ ይፈታል፤ ይህን ሳያውቁ የሚታገሉ ሰዎች ጥርሱን ይበሉታል። የኋላ ማርሹን ትልቁ ላይ አድርጉት፤ መቀየሪያው ወደ ውስጥ ይሰበሰብና ከመመታት ይተርፋል። ማርሽ ያለበት ጎን ወደ ላይ ይሁን፣ ከሥሩ ካርቶን ይነጠፍ። የሚታሰረው አካሉ ነው፣ ቸርኬው አይደለም። ከላይ ኩንታል እንዳይጫንበት ቆማችሁ እዩ። አናቱ ላይ ስትወጡ የኤሌክትሪክ መስመር ይታይ።

ዘቢዳ_ደሴ
መስከረም 23፣ ከምሽቱ 2፡45

ሁላችሁንም አላህ ይስጥልን። ያወጣነው ይህ ነው፦ የመጀመሪያው ቀን ከደሴ ሐይቅ፤ በሁለተኛው ጠዋት አርዲቦ፣ ከሰዓት እረፍት፤ በሦስተኛው ጠዋት የሐይቁን ዳር እስከ ገዳሙ፣ ከዚያ እኔና እህቴ በብስክሌት፣ የአክስታችን ልጅ በቅጥቅጥ። የኋላ ማርሼን 34 አስቀይራለሁ፤ መቀየሪያው ረጅም እጅ ነው፣ ለክቼው ሰንሰለቱ 30.6 ሆኗል። ጓዝ ሁለታችንም ከኋላ መጫኛ ላይ 12 ኪሎ እንጭናለን።

ሐረጎ
መስከረም 23፣ ከምሽቱ 3፡10

አብሽሪ፣ ጥሩ ተዘጋጅታችኋል። አንድ ነገር ግን ቀይሪ። ገዳሙን በሦስተኛው ጠዋት ካደረጋችሁት ዳገቱን የምትጀምሩት 5 ሰዓት ላይ ነው፣ በሙቀትና በመኪና መሀል። እንዳንቺ ላለ ጀማሪ ያ ዳገት ከነእረፍቱ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ይፈጃል። ገዳሙን ወደ ሁለተኛው ከሰዓት አምጡት፣ በሦስተኛው 12 ተኩል ላይ ዳገቱን ያዙ። 4 ሰዓት ተኩል ላይ ደሴ ናችሁ።

ጥርስ_ቆጣሪ
መስከረም 23፣ ከምሽቱ 3፡22

30.6 ከሆነ ግማሽ መንገድ አልቋል ማለት ነው። አዲስ ማርሽ ስታስገጥሚ አዲስ ሰንሰለት ግዢ፣ ከ28 ወደ 34 ስትሄጂ ርዝመቱም አይበቃም። አሮጌውን አትጣዪው፣ ሁለት ሦስት ዓይን ቆርጠሽ መጠገኛ ቦርሳው ውስጥ አድርጊ። 12 ኪሎው ደግሞ ከመጫኛው አናት ላይ አይከመር፤ በግራና በቀኝ እኩል ተንጠልጥሎ ዝቅ ይበል፣ ከባዱ ነገር ከሥር። የመጫኛውን ብሎኖች በመጀመሪያው ቀን ሐይቅ እንደገባችሁ አጥብቂ፣ ከመጀመሪያው ኮረት በኋላ ሁልጊዜ ይላላሉ።

ዘቢዳ_ደሴ
መስከረም 23፣ ከምሽቱ 3፡40

ገዳሙን ወደ ሁለተኛው ከሰዓት አዛውረነዋል። ነገ ሰንሰለቱን እገዛለሁ፣ የነሐሷንም ቆብ አስልካለሁ።